መጎብኘትና መጠየቅ

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ሲነሣ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ነቢዩ አጋቦስ በጳውሎስ መታጠቂያ የገዛ እጁንና እግሩን ያሰረበትን ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ስድስት ቁጥሮች ግን እምብዛም ሲሰበኩ አልሰማም፤ የወደብና የመርከብ ወሬ ስለሆኑ ይመስለኛል። ጳውሎስና ባልንጀሮቹ ከሚሊጢን ተነሥተው በቆስና በሮድስ አልፈው ጳጥራ ደረሱ። እዚያ ወደ ፊንቄ የሚሻገር ሌላ መርከብ አገኙና ተሳፈሩ። መርከቡ ጭነቱን ጢሮስ ላይ ማራገፍ ነበረበት። በዚህ ምክንያት በአንድ ሞቃት የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ በሁለት የባሕር ጉዞ መካከል፣ ሰባት ቀን ተገኘ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ጊዜ የሚያገኝ መንገደኛ አገር ይጎበኛል። በቀይ ባሕር ዳር በግብፅ ሳፋጋ ወደብ የሚቆሙ የመዝናኛ መርከቦች መንገደኞች በጠዋት ወርደው በአውቶቡስ ሉክሶር ይደርሳሉ፤ የፈርዖኖችን መቃብር አይተው በዚያው ቀን ወደ መርከባቸው ይመለሳሉ። ይህን ኃጢአት ነው የሚል ሰባኪ ብሰማ አልስማማም። ዓለም የጌታ ሥራ ናት፤ ሊያይዋት መጓጓትም ከእርሱ የተሰጠን ነው። የሚያስቸግረኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ጥቂት ሰዓት ብቻ ያለው መንገደኛ ለዚያ ቦታ ሰው ምን ዕዳ አለበት? ሰውን እንደ ፏፏቴ ወይም እንደ ሐውልት አይቶ ማለፍ ይገባል?

ይህ የሀብታም ፈረንጅ ጥያቄ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። እኛ መቀሌ የምንኖር ሰዎች በሁለቱም ወገን ቆመናል።

በመጀመሪያ የሚታዩት እኛ ነን። ከጦርነቱ በፊት ወደ ዳሎልና ወደ ኤርታሌ የሚሄድ ቱሪስት አብዛኛውን ጊዜ መቀሌ አንድ ሌሊት አድሮ በማለዳ በላንድክሩዘር ወደ በራህሌና ሐመድ ኢላ ይወርድ ነበር። ቦታው ጥንት ባሕር የነበረ፣ ዛሬ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ የጨው ሜዳ ነው። ዳሎል ላይ በ1950ዎቹ ዓመታት የተመዘገበው አማካይ ሙቀት፣ ሌሊቱም ክረምቱም ተቆጥሮ፣ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። በዚያ ሙቀት ሠራተኞቹ የጨውን ቅርፊት በእንጨት ፈልቅቀው ያነሣሉ፤ ሌሎቹ ቁጭ ብለው በመጥረቢያ እኩል እኩል አድርገው ይጠርቡታል፤ ከዚያ በግመል ይጫናል። በቀዳማይ ወያነ ገበያ የምናየው አሞሌ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ቱሪስቱ አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ ፎቶ ያነሣና ይሄዳል። የጠራቢው ፊት በሌላ አገር ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ጠራቢው ግን ፎቶ ያነሣው ሰው ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቅም።

ታዲያ አይምጡ እንበል? እንዲህ ለማለት የሚደፍር ካለ፣ ጦርነቱ ሲጀመር ሥራቸው የቆመባቸውን ሾፌሮች፣ ምግብ አብሳዮችና አስጎብኚዎች ይጠይቅ። የእንግዳው ገንዘብ የስንት ቤት እንጀራ እንደነበር ያኔ ታየ።

ይኸው ክርክር በሌላ ሞቃት የባሕር ዳርቻ ላይ በጣም በከፋ መልኩ ተነሥቶ ያውቃል። በ2002 ዓ.ም. ጥር 4 ቀን የሄይቲ ዋና ከተማ ፖርቶ ፕሪንስ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈራረሰች። ከሦስት ቀን በኋላ በዚያችው አገር ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ላባዲ በምትባል በአጥር በተከለለች የመዝናኛ ስፍራ፣ አንድ ግዙፍ መርከብ መንገደኞቹን ለዋናና ለፀሐይ አወረደ። ዓለም ተቆጣ። ኩባንያው የእርዳታ እህል ጭኖ መምጣቱንና የአካባቢው ሰው የሚተዳደረው በዚህ ጉብኝት መሆኑን ተናገረ፤ ይህም ሐሰት አልነበረም። ከመንገደኞቹ አንዳንዶቹ፣ ሬሳ ሳይነሣ እንዴት እንዋኛለን ብለው መርከቡ ላይ ቀሩ። እነርሱንም አከብራለሁ። እኔን የሚከነክነኝ ግን አጥሩ ነው። አጥሩ ከመንቀጥቀጡ በፊትም ነበረ። ከአስተናጋጅና ከዕቃ ሻጭ በቀር ሄይቲያዊ የማይገኝበት ሄይቲ ለዓመታት ሲጎበኝ ማንም አልተቆጣም። የወረደውም ያልወረደውም መንገደኛ የአገሩን ሰው ሳያውቅ ተመለሰ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ወደምናይበት ወገን፣ እንምጣ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በመቀሌ ትምህርት ቤቶች ተጠልለዋል፤ በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። የወጣት ኅብረቶቻችን ይሄዳሉ፣ ሳሙናና ዱቄት ይዘው ይገባሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፤ ደግ ነው። ከሌላ ከተማ ለጉባኤ የመጡ ወጣቶችም አውሮፕላናቸው እስኪደርስ ባለው ግማሽ ቀን ጎራ ይላሉ። ከዚያም ሕፃናቱን መሀል አድርጎ ፎቶ መነሣት ይመጣል፤ ማታ ፎቶው ስልክ ላይ ይለቀቃል። እናትየዋ ልጇ የት እንደታየ አታውቅም። ፍቀጂልን ያላትም የለም። እዚህ ላይ ከዳሎሉ ቱሪስት በምን እንደምንለይ ብትጠይቁኝ፣ እርሱ ቢያንስ በጌታ ስም መጣሁ አላለም።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ይረዳናል። አገርን እንጎበኛለን። የታመመን፣ የታሰረን፣ ሐዘን ላይ ያለን ግን እንጠይቃለን። በማቴዎስ 25 ጌታ ስለ ታመመው ሰው ሲናገር የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። የሚጠይቅ ሰው ቁጭ ይላል፤ እንዴት ዋልክ ይላል፤ መልሱን ይጠብቃል፤ እርሱም በተራው ይጠየቃል፦ ልጆችህ ደኅና ናቸው? ከየት መጣህ? መቼ ትመለሳለህ? በሚጎበኝ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። እርግጥ ዘካርያስ በሉቃስ 1 እግዚአብሔር ሕዝቡን ጎበኘ ይላል፤ ነገር ግን የእርሱ ጉብኝት ሥጋ ለብሶ፣ ናዝሬት ውስጥ አድጎ፣ የጎረቤት ጥያቄ እየመለሰ የኖረበት ጉብኝት ነው።

ወደ ጢሮስ እንመለስ። ጳውሎስና ባልንጀሮቹ መጀመሪያ ያደረጉት ደቀ መዛሙርቱን መፈለግ ነበር። ፈልገው አገኟቸው፤ ስለዚህ በዚያች ከተማ የሚያውቋቸው ብዙ ሰዎች አልነበሩም ማለት ነው። ሰባት ቀን ተቀመጡ። የጢሮስ ሰዎችም እንግዳን ተቀብሎ ማብላት ብቻ አላደረጉም፤ ጳውሎስን ወደ ኢየሩሳሌም አትሂድ አሉት። እንግዳቸውን መከሩት፣ ተከራከሩት! ሊሄድ ሲነሣ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ከከተማ ውጭ ድረስ ሸኙት፤ በባሕሩ ዳር ተንበርክከውም ጸለዩ። መሸኘት ምን እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ያላወቁትን ሰው ማንም እስከ በር አይሸኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ሮድስ ላይ ያኔ ከሰባቱ የዓለም ድንቆች አንዱ፣ ግዙፉ የነሐስ ሐውልት፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ እንደተጋደመ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ226 ዓመት ገደማ ነው የወደቀው፤ ወድቆም የሚያየውን ያስደንቅ ነበር። ሉቃስ ግን ሮድስን በአንድ ቃል አልፏት የጢሮስን ሕፃናት ጻፈ። ሐውልት ማየት አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ራሱ ጳውሎስ ሲላስንና ጢሞቴዎስን እየጠበቀ ሳለ አቴናን ዞሮ ተመልክቷል፤ በመሠዊያ ላይ የተጻፈውን እስኪያነብ ድረስ በጥንቃቄ አይቷል። ያየውንም ይዞ በየቀኑ በገበያ ከሚያገኛቸው ሰዎች ጋር ተነጋገረ፤ እነርሱም ጠየቁት፣ አፌዙበትም።

ጊዜ የለንም የምትሉ ትኖራላችሁ። ደጉ ሳምራዊም መንገደኛ ነበር፤ በእንግዶች ማደሪያ ያደረው አንድ ሌሊት ነው፣ በማግስቱ ሄደ። ካህኑም ሌዋዊውም የቆሰለውን አይተውታል፤ በማየት ከእርሱ አላነሱም። ሳምራዊው ግን ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ ራሱን ለባለ ማደሪያው አስጠየቀ።

በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አንዱ መጠለያ ስትሄዱ፣ ወይም በበዓል ወደ ገርዓልታ፣ ወደ ሐዋሳ ስትጓዙ፣ መሪዎቻችሁ ከፕሮግራሙ ላይ አንድ መዝሙር ቀንሰው ያንን ሩብ ሰዓት ለመቀመጥ ይተዉት። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። እናትየዋ ቡና ላፍላ ካለች እንቸኩላለን አትበሏት፤ በአንድ ሲኒ ሦስት ሰው መጠጣት ይችላል። የማን ልጆች እንደሆናችሁ ትጠይቃችሁ። ምናልባት ስለ እናንተም ልትጸልይ ትፈልግ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተንበርከኩ።