ሣቁ የማን ነው?

ክፉን ሰው በመድረክ አቁሞ በሕዝብ ፊት መሣቂያ ማድረግ ከጥንት ጀምሮ ከኪነ ጥበብ መሣሪያዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ስስታሙ፣ ጉረኛው፣ አድር ባዩ፣ በሰው ዘር ላይ ጥላቻን የሚነዛው ሁሉ በስላቅ ሲገረፍ፣ ተመልካቹ በራሱ ውስጥ ያለውን ተመሳሳይ ጉድፍ አይቶ ያፍራል፤ አፍሮም ይታረማል ተብሎ ይታመናል። ይህ እምነት ግን አንድ ያልተነገረ ቅድመ ሁኔታ አለው። እርሱም ተመልካቹ የቀረበለትን ነገር ደራሲው ባሰበው መንገድ ይረዳዋል የሚል ነው። በሰምና ወርቅ ባህል ውስጥ ያደገ አድማጭ የዚህን ቅድመ ሁኔታ ክብደት ለመገንዘብ አይቸገርም። ባለ ቅኔው ወርቁን በሰም ሸፍኖ ሲያቀርብ አድማጩ ሰሙን ብቻ ይዞ ቢሄድስ? ይባስ ብሎ ሰሙ ራሱ መርዝ ቢሆንስ? ጥፋቱ የባለ ቅኔው ነው ወይስ የሰሚው?

ይህን ጥያቄ በተግባር የፈተነ አንድ ሥራ በእንግሊዝ አገር ተሠርቷል። «ሞት እስኪለየን ድረስ» የሚለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ በ1965 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የሙከራ ክፍል ከቀረበለት በኋላ፣ ከ1966 እስከ 1968፣ ኋላም ከ1972 እስከ 1975 በቢቢሲ በተከታታይ ታይቷል። ታሪኩ የሚፈጸመው በምሥራቅ ለንደን፣ ዋፒንግ በሚባለው የወደብ ሰፈር፣ በአንድ ጠባብ የሠራተኛ ቤት ውስጥ ነው። አባወራው አልፍ ጋርኔት ነው፤ ሚስቱ ኤልስ፣ ልጃቸው ሪታ፣ የሪታ ባል ማይክ አብረው ይኖራሉ። አልፍ ድኻ ሆኖ ሳለ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ደጋፊ፣ የዘውዱ አምላኪ፣ የጥቁሮችና የውጭ አገር ሰዎች ጠላት ነው። ከሊቨርፑል የመጣው አማቹ ማይክ ደግሞ ሶሻሊስት ነው። ሁለቱ በምሳ ሰዓትም በእራት ሰዓትም ይጯጯኻሉ። ኤልስ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ትላለች፤ ስትናገር ግን ባልዋ ግማሽ ሰዓት የገነባውን ፉከራ በአንድ አጭር ቃል ታፈርሰዋለች።

ደራሲው ጆኒ ስፔይት ይህን ቤት ከመጽሐፍ አንብቦ አልደረሰበትም። በ1920 ካኒንግ ታውን በተባለው የምሥራቅ ለንደን የድኾች ሰፈር ተወለደ፤ አባቱም የወደብ ሠራተኛ ነበር። ስፔይት ራሱ እንደገለጸው፣ ለአልፍ ጋርኔት መነሻ የሆነው ይኸው አባቱ ነው። አባትየው ለውጥን የሚጠላ፣ ስለ ጥቁር ሕዝቦችም ኋላ ቀር አመለካከት የነበረው ሰው ነበር። ልጁ በዚህ አስተሳሰብ ያዝን ነበር፤ ድርሰቱንም አመለካከቱን ለመዝለፍና ለአባቱ የነበረውን የተዘበራረቀ ስሜት ለመፍታት ተጠቅሞበታል። እንግዲህ ነገሩ ከላይ ሆኖ ታች ያለውን ሕዝብ የሚንቅ የተማረ ሰው ስላቅ አልነበረም። የሚወድደውን ሰው ስሕተት የማይወድድ ልጅ ክርክር ነበር። የድርሰቱ ኃይልም አደጋውም የሚመነጩት ከዚህ ነው። ጥላቻውን ለማጋለጥ የጻፈው እጅ ለባለ ጥላቻው ሰው ሕይወት፣ ወዝና ቀልድ ሰጥቶታል።

ለአልፍ ሥጋና ድምፅ የሰጠው ተዋናይ ዋረን ሚቸል ነው። ሚቸል በ1926 ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በኦክስፎርድ የተማረ፣ በፖለቲካ አቋሙም ወደ ግራ ያዘነበለ ሰው ነበር። አልፍ የዌስት ሃም የእግር ኳስ ቡድን ደጋፊ ሲሆን ሚቸል ግን የቶተንሃም ደጋፊ መሆኑ እንኳ ሁለቱ በምንም እንደማይገናኙ ለማሳየት ሲጠቀስ ይኖር ነበር። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ የሚያገኙት አንዳንድ ሰዎች በጥቁሮች ላይ ስለተናገረው ሁሉ ሊያመሰግኑት ይቀርቡ ነበር። ተዋናዩም የተዘለፉት ጥቁሮቹ ሳይሆኑ እንደ እነርሱ ያሉት ሞኞች መሆናቸውን እየነገረ ይመልሳቸው እንደነበር ይተረካል። በዚህች አጭር ምልልስ ውስጥ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ይገኛል። ተዋናዩ ሊያርመው የቻለው በመንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ብቻ ነበር። በየቤቱ ተቀምጦ በተመሳሳይ ስሜት የሚሥቀውን ማን ያርመው?

የዘመኑ ሁኔታ ጥያቄውን የጨዋታ ጉዳይ አላደረገውም። ከ1948 ጀምሮ ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ቀጥሎም ከሕንድና ከፓኪስታን ብዙ ሰዎች ወደ ብሪታንያ ለሥራ ገብተው ነበር። በአውቶቡስ፣ በሆስፒታልና በፋብሪካ ጉልበታቸው ሲፈለግ፣ ቤት ለመከራየት ሲሄዱ ግን በራቸው ይዘጋባቸው ነበር። በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች በዘር ማግለልን የሚከለክለው የመጀመሪያው ሕግ የወጣው በ1965፣ ማለትም የሙከራው ክፍል በቀረበበት ዓመት ነው። በሚያዝያ 1968 የወግ አጥባቂው ፓርቲ እንደራሴ ኢኖክ ፓወል በበርሚንግሃም ከተማ ፍልሰትን የሚያወግዝ ንግግር አደረገ፤ በዚህም ከፓርቲው አመራር ተባረረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የለንደን ወደብ ሠራተኞች ፓወልን በመደገፍ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። የስፔይት አባት የሥራ ባልደረቦች ትውልድ አደባባይ ወጣ ማለት ነው። የአልፍ ጋርኔት ቃላት ከመስኮቱ ወጥተው የሰልፍ መፈክር ሲሆኑ፣ ኮሜዲው በሽታውን አስቀድሞ አሳይቷል ወይስ አለማምዷል የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ሕይወት አገኘ።

የድርሰቱ ጠበቆች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። በሽታ ካልተገለጠ አይድንም፤ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚነገረው ጥላቻ ወደ ብርሃን ሲወጣ ባዶነቱ ይታያል ይላሉ። አልፍ በክርክር አሸንፎ አያውቅም፤ እውነቱን ሲያጣ ይጮኻል፤ ሲጮኽ ይሰናከላል፤ በመጨረሻም የሚዋረደው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ ሰውየው ራሱ የተበደለ ነው። የሚያመልከው ሥርዓት ምንም አልሰጠውም። ከእርሱ በታች የሚንቀው ሰው ካላገኘ የራሱን ዝቅተኛነት መቀበል ሊገደድ ነው። ጥላቻ የተነጠቀ ሰው ርካሽ መጽናኛ መሆኑን ይህን ያህል በግልጽ ያሳየ የቴሌቪዥን ሥራ ጥቂት ነው።

በአንጻሩ ያለው ሙግትም ሊናቅ አይገባም። ስድብ ለስላቅም ይነገር ለምር፣ በተሰዳቢው ጆሮ ሲደርስ ያው ስድብ ነው። በማታ ቴሌቪዥን የተነገረ ቃል በማግሥቱ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በአንድ ጥቁር ልጅ ላይ ሲወረወር ከደራሲው ቅን ሐሳብ ጋር አይደለም፤ ራቁቱን ነው። በሌላ በኩል አማቹ ማይክ የእውነት ጠበቃ ሆኖ ቢቆምም ሥራ ፈት፣ ለፍላፊ፣ በአማቱ ቤት የሚጦር ነው። ስፔይት ይህን ያደረገው ለሥነ ጽሑፍ ታማኝ ሆኖ ነው፤ ትክክለኛ ሐሳብ የያዘ ሁሉ ጻድቅ አይደለምና። ነገር ግን ጥሩዎቹ ቀልዶች በሙሉ በአልፍ አፍ ውስጥ ሲቀሩ የተመልካቹ ልብ ከባለ ቀልዱ ጋር መሄዱ የሚያስደንቅ አይደለም።

በዚህ ላይ የተገኘ ማስረጃም አለ። ድርሰቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኖርማን ሊር አዘጋጅነት ከ1971 ጀምሮ በሌላ ርእስ ሲቀርብ፣ የአልፍን ቦታ አርቺ በንከር የተባለ ገጸ ባሕርይ ወሰደ። ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካ ወጣቶችንና የካናዳ አዋቂዎችን ጠይቀው ውጤቱን በ1974 አሳተሙ። ጭፍን ጥላቻ የሚበዛባቸው ተመልካቾች አርቺን የሚያደንቁ፣ የተሻለ ቁም ነገር የሚናገረው እርሱ ነው የሚሉ፣ በመጨረሻም ሲያሸንፍ የሚያዩት ሆነው ተገኙ። ጥላቻ የሌለባቸው ደግሞ በዚያው ክፍል ውስጥ የአርቺን ውርደት አዩ። ሁለቱም ሣቁ፤ ሣቃቸው ግን አንድ አልነበረም። ስለዚህ ስላቅ ያመነውን ያጸናል እንጂ ያልተለወጠውን ሁልጊዜ አይለውጥም ማለት ነው።

በዘመኑ በይፋ የተሰማው ታዋቂው ተቃውሞ የዚህ ዓይነት አለመሆኑ ትዝብት ያጭራል። በ1965 የተመልካቾችና የአድማጮች ማኅበር የመሠረቱት ወይዘሮ ሜሪ ኋይትሃውስ ድርሰቱን አጥብቀው ሲቃወሙ ዋና ክሳቸው ያተኮረው በብልግና ቃላቱና በሃይማኖት ላይ ባለው ድፍረት ላይ ነበር። የተሳደበው አፍ ንጽሕና በብርቱ ተመረመረ፤ የተሰደበው ሰው ሕመም ግን የዚያን ያህል ጠያቂ አላገኘም።

ታዲያ ፍርዱ ምንድን ነው? የደራሲው ቅን ሐሳብ ብቻውን ነጻ አያወጣውም፤ የሰሚው ድንቁርናም ብቻውን አያስኰንነውም። ደራሲ እያንዳንዱ ተመልካች ለሚሥቀው ሣቅ ዋስ ሊሆን አይችልም። ዋስ ሊሆንበት የሚችለውና የሚገባው ነገር ግን አለ፤ ይኸውም በክርክሩ ማዕድ ዙሪያ ማን እንደተቀመጠ ነው። በጋርኔት ቤት ስለ ጥቁሮች የሚከራከሩት አራቱም ነጮች ናቸው። አንዱ ይሰድባቸዋል፤ ሌላው ይከላከልላቸዋል፤ እነርሱ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር በቤቱ ውስጥ የሉም። በሌለበት የሚፈረድበት ሰው ጥሩ ጠበቃ ቢያገኝ እንኳ ፍርዱ ጎደሎ ነው። ስፔይት በ1969 ለሌላ የቴሌቪዥን ድርጅት በጻፈው ሥራ እስያዊ ሠራተኛን በፋብሪካ ውስጥ አስገባ፤ ሆኖም ገጸ ባሕርዩን የተጫወተው ፊቱን ጠይም ቀለም የተቀባ ነጭ ተዋናይ፣ ስፓይክ ሚሊጋን ነበር። ሥራው ከስድስት ክፍል በኋላ ተቋረጠ። ወንበሩ ተዘረጋ፤ ባለ ወንበሩ ግን አሁንም አልተጠራም።

ሌላው ምሳሌ የመጣው ዘግይቶ ነው። ከ1985 እስከ 1992 በታየው ተከታይ ድርሰት አልፍ አርጅቷል፤ ኤልስ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት። ኤልስን የተጫወተችው ዳንዲ ኒኮልስ በ1986 ከሞተች በኋላ አልፍ ሚስቱን ያጣ ሽማግሌ ሆኖ ቀረ። የቤት ረዳት ሆኖ የሚመጣለትም ዊንስተን የተባለ ጥቁር ሰው ነው፤ የተጫወተውም ኤመን ዎከር የተባለ ጥቁር ተዋናይ ነው። አልፍ እንደ ወትሮው ይሳደባል፤ ሆኖም አሁን የሚሰደበው ሰው በፊቱ ቆሞ ይሰማል፤ ይመልሳል፤ ይሥቅበታልም። ስድቡ አልቀነሰም፤ ሚዛኑ ግን ተለወጠ። ተመልካቹም ከአልፍ ጋር ለመሣቅ ቢፈልግ የዊንስተንን ዓይን እያየ መሆን አለበት።

የስድሳዎቹ ክፍሎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ ቢቢሲ በዚያ ዘመን ልማድ ቴፖቹን አጥፍቶ ለሌላ ቀረጻ ተጠቅሞባቸዋል። ስፔይት በ1998፣ ሚቸል በ2015 አርፈዋል። የቀረው ጥያቄው ነው። ክፉን በስላቅ ለመምታት የሚነሣ ጸሐፊ ወይም ተዋናይ ሁሉ፣ እንዲሁም ይህን ለተማሪዎቹ የሚያስተምር መምህር፣ አዳራሹ በሣቅ ሲናወጥ ሥራው ተሳካ ብሎ መደምደም አይገባውም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያልሣቀ ሰው እንዳለ ዞሮ ማየት፣ ካለም ለምን እንዳልሣቀ መጠየቅ ይኖርበታል።