ባሕርን መጠበቅ ከእንጦጦ ይጀምራል



እግዚአብሔር ሰውን ምድርን እንዲያለማና እንዲጠብቅ ሾመው (ዘፍ. 2፥15)። ይህ አደራ ባሕርንም ይጨምራል። አንድ የየካ ወጣት፦ «ባሕር በር ለሌላት አገር ልጅ የባሕር ሕግ ምን ይረባዋል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ ከእንጦጦ ጫፍ ይገኛል። በተራራው ላይ የሚወርደው ዝናም ለሁለት ይከፈላል፤ የሰሜኑ ወደ ዓባይ ወርዶ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል፤ የደቡቡ በቀበናና በአቃቂ አድርጎ አዋሽን ይቀላቀልና ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል።

መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1973 መርከቦች ባሕርን እንዳይበክሉ «ማርፖል» የተባለውን ስምምነት ተዋውለዋል፤ የአገራችንም መርከቦች በዚያው ባሕር ይመላለሳሉ። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ውቅያኖሶች በጋራ ሥርዓት እንዲጠበቁ አሳስበዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ውል መመርመርና ማርቀቅ ሙያ ብቻ ሳይሆን የፍቅር አገልግሎትም ነው።

ይህን ሙያ የሚመኝ ወጣት ግን ጥሪውን አስቀድሞ በቀበና ዳር ይመርምር። ወደ ወንዙ የሚጣለው ቆሻሻ ከብቱን ከአዋሽ ወደሚያጠጣው ወንድሙ ይወርዳልና። በደጁ የሚያልፈውን ውኃ ያልጠበቀ፥ ያላየውን ባሕር እንዴት ይጠብቃል?

እግዚአብሔር አስተዋይ ልብና ትጋት ይስጠን። አሜን።