የመርከቧ ሰዎች ድርሻ

ማዕበል ታግሦ የወጣ ሰው ምን ሠራ ይባላል? የዘመተ ድሉ፣ የነገደ ትርፉ ይቆጠርለታል። ጀልባ ውስጥ ተኮራምቶ አላህን እየተማፀነ የነጋለት ሰው ግን በእጁ የሚያሳየው የለውም።

ጥያቄው ባሕር ለማታየው አዲ አርቃይም ባዳ አይደለም። ከጎንደር ወደ ምፅዋ የሚወርደው የጥንቱ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ሊማሊሞን ቁልቁል ይዞ፣ በዚያው በኩል አልፎ ተከዜን ይሻገር ነበር። ሐጅ የነየተም ምፅዋ ሲደርስ ነፍሱን ለሸራና ለነፋስ ይሰጣል። ዛሬ ወጣቱ በጅቡቲ በኩል በደላላ ጀልባ ይሻገራል። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ፣ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ያንን ባሕር የቀመሱ ነበሩ። አገር ቤት የጠበቃቸው ጥያቄ ግን «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚል ነው።

እስቲ ወደ ሰሓቦች ዘመን እንመለስ። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪይ (ረ.ዐ) ከ50 ከሚበልጡ ወገኖቻቸው ጋር ከየመን በመርከብ የተነሡት ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለመሄድ ነበር። መርከቧ ግን ነጃሺ አገር ጣለቻቸው። እዚያ ከጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ጋር ቆይተው፣ ነብዩን ያገኟቸው በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር ድል በሆነች ጊዜ ነው። በድርም፣ ኡሑድም፣ ኸንደቅም አልፈዋል። ሆኖም ኸይበር ላይ አንድ ሰይፍ ሳይመዙ ከምርኮው ድርሻ ተሰጣቸው!

አብረው ከመጡት አንዷ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ናቸው። ዑመር (ረ.ዐ) በሂጅራ እንደ ቀደሟቸው ቢነግሯቸው ተቆጡ። እነ ዑመር የተራበውን የሚያበላ፣ ያላወቀውን የሚያስተምር ነብይ አጠገባቸው እንደ ነበር፣ እነርሱ ግን በሩቅ ባዕድ አገር በስጋት እንደ ኖሩ ተናግረው፣ ነገሩን ለነብዩ ሳያደርሱ እህል ውኃ እንደማይቀምሱ ማሉ።

የእንጀራ ፍለጋ ሂጅራ አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የደላላን ጀልባም የሚያወድስ አእምሮ የለውም። ነገር ግን የአስማእ ሙግት በደረሱበት ወደብ ላይ አልቆመም። ሰው ሲመዘን ከእግሩ በታች ምን እንደ ነበረ ይታይ ነው ያሉት፤ የብስ ወይስ የሚናወጥ ጣውላ። ባዶ እጁን የተመለሰውን ልጅ ሰነፍ የምንለው እኛ፣ የቆምነው የብስ ላይ ነው።

ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ፈረዱ፤ ለእነ ዑመር አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቧ ሰዎች ሁለት። አቡ ሙሳና የመርከብ ጓደኞቻቸው ያንን ቃል ደግመው ለመስማት በየቡድኑ ወደ አስማእ ይመላለሱ ነበር።