ድምፅ ያላት እምቢም ትበል

ልጄ፣ በሰው አገር የኦፔራ ትምህርት መጀመርሽን ሰምተን ደስ ብሎናል። እንግዲህ ሰው ሁሉ «ዝፈኚልን» ይልሻል። «ተይ፣ ዕረፊ» የሚልሽ ግን ጥቂት ነው፤ እኔ ከጥቂቶቹ ልሁን። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። መካሪሽ መከራ እንዳይሆን ብዬ፣ አንዲት ትልቅ ሶፕራኖ እንዴት እንደኖረች ልንገርሽ። ሊዮንታይን ፕራይስ ትባላለች። ዓለም የሚያደንቅላት ድምፅዋን ነው። እኔ ግን ከድምፅዋ እኩል እምቢ ያለችባቸውን ቀኖች አደንቃለሁ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ።

በ1927 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ሎረል በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ በእንጨት መሰንጠቂያ ይሠሩ ነበር፤ እናቷ አዋላጅ ነበሩ፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥም ያገለግሉ ነበር። ጥቁር ከነጭ በሕግ ተለይቶ የሚኖርበት ዘመን ነው። ወላጆቿ ለልጃቸው ፒያኖ ለመግዛት የቤታቸውን የሸክላ ማጫወቻ ለቀብድ ሰጡ። ልጅ ሳለች ማሪያን አንደርሰንን ለመስማት ጃክሰን ከተማ ሄደች። አንደርሰን በድምፅዋ ዓለምን ያስደመመች ጥቁር ዘፋኝ ነበረች፤ ልጅቱም ያን ቀን የወደፊት ኑሮዋን አየች።

ከዚያ በኋላ ብዙ እጅ ደገፋት። አክስቷ ተቀጥረው የሚሠሩበት የነጮች ቤተሰብ የልጅቱን ድምፅ ሰምቶ ስለነበር፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው የጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ስትማር በገንዘብ ረዳት። ታላቁ ዘፋኝ ፖል ሮብሰንም ለትምህርቷ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ዘፈነላት። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ማለት ይህ ነው። አንቺንም የደገፉሽን አስቢያቸው፤ ማታ ማታ እየሠራች የአውሮፕላን ቲኬትሽን የከፈለችውን አክስትሽን ጭምር።

ጁሊያርድ የገባችው በ1948 ነው። ከዚያ በፊት ኦሃዮ ውስጥ የሙዚቃ መምህርት ለመሆን ተምራለች። በጁሊያርድ ፍሎረንስ ፔጅ ኪምቦል የተባሉ መምህርት አገኘች፤ ዝናዋ ከወጣ በኋላም ከእኚህ ሴት አልራቀችም። ይህን ልብ በዪልኝ። አንዳንዱ ጭብጨባ ሲሰማ መምህሩን ይረሳል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ግን ለቄስ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ከጠመጠሙም በኋላ መማር አለ።

አሁን ስለ ድምፅ ራሱ ልንገርሽ፤ ዘንድሮ ሰው ሁሉ በማይክሮፎን ስለሚዘፍን የኦፔራን ክብደት የሚያውቅ ጥቂት ነው። የኦፔራ ዘፋኝ ማይክሮፎን የላትም። ድምፅዋ በትንፋሽ ብቻ ተገፍቶ፣ ከመድረኩ በታች የተቀመጠውን ኦርኬስትራ አልፎ፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ኦፔራ አዳራሽ ወደ 3,800 የሚጠጋ መቀመጫ አቋርጦ የኋላውን ወንበር መድረስ አለበት። ሶፕራኖ ያን ከፍ ያለውን ዶ ስታወጣ በጉሮሮዋ ውስጥ ያሉት ትናንሽ የድምፅ አውታሮች በአንድ ሰከንድ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ይጋጫሉ። ሲደክሙ ያብጣሉ፤ ያበጠ አውታር ላይ ሲዘፈን ይቆስላል። ፒያኖ ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ ይህኛው ግን ምትክ የለውም። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» የተባለችው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ድምፅሽን እንደ ነጋዴ ዋና ገንዘብ ያዢው፤ ከትርፉ ብዪ፣ ዋናውን አትንኪ።

ፕራይስ ይህን ታውቅ ነበር። ክብርም እንደ ድምፅ ዋናው የማይነካ ገንዘብ መሆኑን ታውቅ ነበር። በ1955 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን በተላለፈ ኦፔራ ቶስካን ስትጫወት፣ ጥቁር ሴት በዚያ ሚና መታየቷን ያልወደዱ አንዳንድ የደቡብ ጣቢያዎች ዝግጅቱን አናስተላልፍም አሉ። እሷ ከማንም ጋር ሳትጣላ ሥራዋን ቀጠለች። በ1957 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አይዳን የምትጫወተው ጣሊያናዊት ሶፕራኖ ትርፍ አንጀት ይዟት ስትተኛ፣ ፕራይስ ሚናውን ታውቀው ነበርና ተተክታ ገባች። እምቢታ ስንፍና እንዳይመስልሽ ነው ይህን የምነግርሽ፤ በሩ ሲከፈት ተዘጋጅታ የተገኘች ናት።

አይዳን መቼም ታውቂያታለሽ፤ ቨርዲ በጻፈው ኦፔራ ውስጥ በግብፅ በባርነት የተያዘች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ነገሩ የአውሮፓውያን ምናብ ነው፤ በእኛ ታሪክ ውስጥ አይዳ የምትባል ልዕልት የለችም። ኦፔራውን ያጻፉት የግብፁ ገዢ ከዲቭ እስማኤል ናቸው፤ በ1871 መጨረሻ ካይሮ ላይ ታየ። ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ የእኚሁ ገዢ ጦር ወደ አገራችን ዘምቶ መጀመሪያ ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎ ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ተመታ። ያም ሆኖ አይዳ በዓባይ ዳር ቆማ አገሯን ዳግመኛ እንደማታይ እያሰበች የምታዜመውን ስሰማ፣ ደራሲው ማንም ይሁን ማን ልቤ ይነካል። በሰው አገር ያለሽ አንቺማ ከእኔ ይልቅ ይገባሻል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ1958 ገደማ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ፕራይስን ጠራት፤ ሚናዋም አይዳ ነበረች። ለስንቱ ዘፋኝ የዕድሜ ልክ ሕልም ነው! ፒተር ኸርማን አድለር የተባለ የሙዚቃ መሪ ግን፣ ታላቅ አርቲስት የምትሆን ሴት ወደዚያ ቤት በመጀመሪያ ቀኗ እንደ እመቤት እንጂ እንደ ባሪያ ልትገባ አይገባም ብሎ መከራት። መከረ፣ ሰማች፣ አልሄደችም። አስቢው፤ ማሪያን አንደርሰን እንኳ በዚያ መድረክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሶሎይስት ሆና የገባችው በ1955 ነው፤ በሩ ከተከፈተ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ነገ መልሰው ቢዘጉትስ? ይህን ፍርሃት ችሎ እምቢ ማለት ከከፍተኛው ዶ ይበልጥ ይከብዳል። «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» ይባል የለ? እሷ የያዘችውን አጥብቃ ያዘች።

ወደ አውሮፓ ሄደች፤ በቪየና፣ በለንደን፣ በሚላኖ ላ ስካላ ዘፈነች። በጥር 27፣ 1961 ሜትሮፖሊታን የገባችው በቨርዲ «ኢል ትሮቫቶሬ» የቤተ መንግሥቷን እመቤት ሊዮኖራን ሆና ነው። ቴነሩ ፍራንኮ ኮሬሊም በዚያ ቤት የመጀመሪያ ሌሊቱ ነበር። ጭብጨባው ከአርባ ደቂቃ በላይ እንደቆየ ይተረካል። ከሳምንታት በኋላ አይዳንም እዚያው ተጫወተች፤ ሚናውን ንቃው አልነበረማ፤ በእሱ በር ላለመግባት ነበር።

እዚህ ላይ አቁሜ ባሞግሳት ምክሬ ግማሽ ይሆናል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሜትሮፖሊታን አዲሱን የትዕይንት ዘመን በእሷ ከፈተ፤ ለጥቁር ሴት ታይቶ የማይታወቅ ክብር ነው። ሚናው የፑቺኒ «ላ ፋንቹላ ዴል ዌስት» ነበር፤ ለእሷ ድምፅ የከበደ። በሁለተኛው ትዕይንት ምሽት ድምፅዋ እየጠፋ ሄዶ ቃሉን በጩኸት ለመናገር ተገደደች፤ የመጨረሻውን ክፍል ዶሮቲ ከርስተን ተተክታ ጨረሰችው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» በድል ላይ ድል፣ በክብር ላይ ክብር ሲደራረብ እምቢ የምትል አንደበት ትተሳሰራለች፤ ከውርደት ይልቅ ውዳሴ ነው ሰውን የሚያስቸኩለው። ትልቅነቷ ከዚያ በኋላ ባደረገችው ይታያል። ሥራውን አቋርጣ ሮም ሄዳ ዐረፈች፤ በሚቀጥለው ዓመት የጸደይ ወራት ተመለሰች። ኋላም ድካም እንደነበረባት ራሷ ተናገረች። ስትደክሚ ደከመኝ በዪ፤ አታፍሪበት።

በ1966 አዲሱ የሜትሮፖሊታን አዳራሽ ሲመረቅ ሳሙኤል ባርበር ለእሷ ድምፅ በጻፈው «አንቶኒና ክሊዮፓትራ» ዘፈነች። ግዙፉ ተሽከርካሪ መድረክ ተበላሸ፣ ኦፔራውም ብዙ ትችት ደረሰበት። እሷ ከውስጡ የሚያምረውን ክፍል አውጥታ በኮንሰርት መድረክ መዝፈኗን ቀጠለች። «ሳይደፈርስ አይጠራም»።

ከዚያ በኋላ የኦፔራ ሥራዋን እየቀነሰች በፒያኖ ብቻ ታጅባ የምትዘፍንባቸውን ኮንሰርቶች አበዛች። ገንዘቡም ስሙም ሞልቶ እያለ ነው የቀነሰችው። ይህ ኑሮ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ከዘፋኙ ዊልያም ዋርፊልድ ጋር በ1952 የመሠረተችው ትዳር አልጸናም። ሁለቱም በየአገሩ ይዞሩ ነበር። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም፤ የመረጥሽው ሙያ ከቤትሽም እንደሚወስድ አውቀሽ እንድትገቢበት ነው።

በጥር 3፣ 1985 ከኦፔራ መድረክ ተሰናበተች። የመረጠችው አይዳን ነው፤ በቴሌቪዥንም ተላለፈ። በዓባይ ዳር ያለውን ዜማ ስትጨርስ ጭብጨባው ደቂቃዎች ፈጀ። ዕድሜዋን አስቢው፤ 57 ነበር። ማሪያን አንደርሰንም የሜትሮፖሊታንን መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትረግጥ 57 ዓመቷ ነበር። ያቺን በልጅነቷ የሰማቻትን ሴት የዓለም ክፋት ደጅ ላይ አቁሞ ድምፅዋ ከወዘናው ካለፈ በኋላ ባስገባበት ዕድሜ፣ ይህችኛዋ ጠግባ፣ ድምፅዋ ሳይከዳት፣ በራሷ ፈቃድ ወጣች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ፕራይስ የያዘችውን መልቀቅ ታውቅ ነበር። ድምፅዋን ስለጠበቀችውም እስከ 1997 በኮንሰርት ዘፈነችበት፤ በ2001 ደግሞ፣ በ74 ዓመቷ፣ በመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ በካርኔጊ አዳራሽ አዜመች።

አንቺ ዘንድ ሠርግ አለ፣ የእንቁጣጣሽ ዝግጅት አለ፣ የማኅበሩ ሰዎችም «ልጃችን ናት» ብለው በየቅዳሜው ይጠሩሻል። ከወገንሽ አትራቂ። ግን በጉንፋን አትዝፈኚ፤ ሌሊቱን ሙሉ በጭስና በጩኸት መሐል አትጩኺ፤ ማንም ቢቀየምሽ። ከአንድ ትንሽ ቲያትር ውል እንደቀረበልሽም ሰምቻለሁ፤ ሚናውም ከባድ ነው አሉ። እባክሽ ዛሬ አትፈርሚው። ወደ መምህርትሽ ይዘሽው ሂጂ፤ ከፊቷ ሆነሽ ሙሉውን ዝፈኚው፤ ገና ነሽ ካለችሽ ቲያትሩን በትሕትና አመስግነሽ ወረቀቱን መልሺላቸው።