ኃላፊነት ያለ ፍርሃት ይቆማልን?

ስህተቱን አምኖ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ለማፍራት ፍርሃት ያስፈልጋልን? ይህ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ዛሬ በሶፍትዌር መሐንዲሶች ቢሮ ውስጥ በየዕለቱ ይነሣል። ጀማሪ መሐንዲስ የሚያድገው ያልገባውን በመጠየቅ፣ ኮዱን ለባልደረቦቹ በማስገምገምና የተበላሸው ነገር ለምን እንደተበላሸ በመመርመር ነው። ሦስቱም ድክመቱን ለሌሎች እንዲያሳይ ያስገድዱታል። ስለዚህ ደጋፊ የሥራ ባህልን ለሠራተኛ እንደሚደረግ ችሮታ ማየት ስህተት ይመስለኛል። እውነት የሚነገረው እንዲህ ያለ ባህል ሲኖር ነው፤ እውነት ካልተነገረ ደግሞ ዕውቀትም ኃላፊነትም መሠረት ያጣሉ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ የሆነው ይህን ያስረዳል። አንድ መሐንዲስ በምሽት ብልሽት ሲጠግን፣ ለመጠባበቂያው ሰርቨር ያሰበውን የመሰረዣ ትእዛዝ በዋናው ላይ ሰጠ። ወዲያው ቢያቆመውም 300 ጊጋባይት ገደማ ዳታ ተሰርዟል። ሰውየውን አባርሮ ጉዳዩን መዝጋት ይቻል ነበር። ኩባንያው ግን የጥገናውን ሂደት ለሕዝብ በቀጥታ እያሳየ የዳታው ምትኬ (የተጠባባቂ ቅጂ) ለምን እንዳልተገኘ መረመረ። የዘወትሩ ምትኬ በዳታቤዙ ሥሪቶች አለመጣጣም ሳቢያ ሲከሽፍ መክረሙ፣ ክሽፈቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ሳይደርስ መቅረቱ ታወቀ። ኪሳራው በስድስት ሰዓት ያህል ዳታ የተወሰነው ቀደም ብሎ በእጅ የተወሰደ አንድ ቅጂ ስለተገኘ ነው። ትእዛዙን በስህተት የሰጠው አንድ ሰው ቢሆንም ምትኬው የከሸፈው ከእርሱ ስህተት በፊት ነበር፤ ምርመራው በወቀሳ ቢያበቃ ይህ ተዳፍኖ ይቀር ነበር።

የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው የሆስፒታል ቡድኖች ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በደንብ የሚመሩ ቡድኖች አነስተኛ ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ብትጠብቅም፣ ብዙ ስህተት የተመዘገበው በእነርሱ ዘንድ ነበር። የሰጠችው ማብራሪያ እነዚህ ቡድኖች ስህተታቸውን በግልጽ ይነጋገሩበታል የሚል ነው። ስህተት የማይሰማበት ቢሮ እንግዲህ ስህተት የሌለበት ነው ማለት አይቻልም።

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላልና፣ ያልተቀጣ ሰው አይማርም የሚል ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ መከራ በእርግጥ ያስተምራል። ነገር ግን ብሂሉ ራሱ ከመከራ በፊት ምክርን ሁለት ጊዜ ያስቀድማል። በዚያ ላይ ዳታ ያጠፋን መሐንዲስ የሥራው ውጤት ራሱ መክሮታል፤ አለቃው የሚጨምርለት ውርደት የሚያስተምረው አንድ ነገር ቢኖር በሚቀጥለው ጊዜ መደበቅን ነው። ደግነት ቸልተኝነትን ያፈራል የሚለውም ስጋት ቢሆን ድጋፍን ከልቅነት ጋር ያምታታል። ወቀሳ የሌለበት ምርመራ ሰውን ከተጠያቂነት አያወጣም፤ ያደረገውን በዝርዝር እንዲያስረዳ፣ ጉድለቱንም እንዲጠግን ይጠይቀዋል። ከስንብት ይልቅ ይህ ይከብዳል። አውቆ የሚዋሽና ተመክሮ ግድ የማይሰጠው ሰው ግን ከሚሳሳተው ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም፤ ተገቢው ቅጣት ይገባዋል።

እንግዲህ ፍርሃት የሚያፈራው ታዛዥነትን ነው፤ ኃላፊነት ግን እውነቱን መናገር የሚችል ሰው ይፈልጋል። የአንድ ድርጅት ባህል ደጋፊ መሆኑን ለማወቅ የአለቆቹን ፈገግታ ማየት አይበቃም፤ አዲሱ ሠራተኛ ያጠፋውን ጥፋት ሌላ ሰው ሳይደርስበት ራሱ መጥቶ ይናገራል ወይ ብሎ መጠየቅ ያሻል። የሚናገር ከሆነ እርሱም ሥራውም ያድጋሉ።