ስንት ቅጠል፣ በስንት ውሃ?

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ባለው ቆላ ሽፈራው የጓሮ ዛፍ ነው። ጋሞዎች ሃለኮ ይሉታል፤ ቅጠሉን ቀቅለው ከኩርኩፋ ጋር ይበሉታል፣ ደም ግፊትና ስኳር ያለበትም ለመድኃኒት ይጠጣዋል። ተመራማሪዎችም የቅጠሉን ንጥር ለአይጥ እየሰጡ የደም ስኳሯን ለክተዋል። እንግዲህ ገረሴ ላይ የሚሠራ አንድ ጤና መኮንን እናስብ። ሽማግሌው ታካሚ «ልጄ፣ ክኒኑን ትቼ ሃለኮ ብጠጣስ?» ይሉታል። መኮንኑ የተበታተኑ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ሥርዓታዊ ዳሰሳ ቢያገኝና የሚያነበው «ቅጠሉ የደም ስኳር ይቀንሳል» የሚል ብቻ ቢሆን ምን ይመልስላቸዋል? ቅጠሉ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ? በውሃ ተቀቀለ ወይስ በአልኮል ተዘፈዘፈ? የመጀመሪያው ውሃ ተደፍቶ ነበር? የጠጣችው አይጥ ናት ወይስ ሰው?

ችግሩ በሽፈራው አልተጀመረም። በቻይናው የመርፌ ሕክምና፣ በአኩፓንክቸር፣ ላይ ከተሠሩት ሙከራዎች ብዙዎቹ «ታካሚው መርፌ ተወጋ» ብለው ያልፉ ነበር፤ «መድኃኒት ዋጠ» ከማለት በምን ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ በ2010 የተከለሰው ስትሪክታ የተባለ መመሪያ ስንት መርፌ፣ የት ቦታ፣ ምን ያህል ጠልቆ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ምን ልምድ ባለው ሰው እጅ እንደተወጋ እንዲጻፍ ጠየቀ። ለዳሰሳዎች ደግሞ 27 ነጥቦች ያሉት ፕሪዝማ የተባለ የአዘጋገብ መመሪያ በ2009 መጣ፤ ለአኩፓንክቸር የሚሆን ቅጥያም በ2019 ወጣለት።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ዘገባ ሐሰቱን እውነት አያደርገውም። እኔ የምለው፣ ጥሩ ዘገባ ጥርጣሬን ፍትሐዊ ያደርገዋል ነው። ተመራማሪው አንድሩ ቪከርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ከቻይና፣ ከጃፓን፣ ከሆንግ ኮንግና ከታይዋን የመጡት የአኩፓንክቸር ሙከራዎች በሙሉ «ሠርቷል» የሚሉ ሆነው አገኟቸው። አንድም የከሸፈ አልነበረም! ይህ ያስጠረጥራል። አንባቢው ግን ከዚህ ተነሥቶ የቻይናን ጥናት ሁሉ በአገሩ ስም ብቻ ቢጥለው፣ በጥንቃቄ የሠራውም አብሮ ይወድቃል። ይህን ቅጣት እኛ እናውቀዋለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ ተክሉ የብልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል ደረሱበት። ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ቢያገኙም፣ ዓለም አቀፍ ተቋማት የኢትዮጵያን ላቦራቶሪ ውጤት ለመቀበል ዓመታት አንገራግረው ነበር። ሚዛን ላይ የወጣው ከሥራው ይልቅ አድራሻው ነበር።

«መስፈርቱ ራሱ የባለጸጎች በር ጠባቂ ነው» የሚል ካለ፣ ከእንዶድ በኋላ ቃሉን ማናናቅ አይቻልም። ውድ ላቦራቶሪ የሚጠይቅ መስፈርት ድሃውን ከደጅ ያስቀረዋል። ቅጠሉ ስንት ግራም እንደነበር መጻፍ ግን ዶላር አያስወጣም (ሚዛንማ ገበያም አለ)። ይልቅ የሚከብደው ተቃውሞ ከራሳችን ቤት የሚነሣው ነው። መድኃኒት አዋቂ የሥሩን ስም ለልጁ እንኳ የሚነግረው በስተርጅናው ነው፤ ከተነገረ ይረክሳል ይባላል። አልፈርድበትም፤ እውቀቱን ወስዶ የሚከብርበት ሌላ ሰው ባለበት ዓለም ዝምታ አጥሩ ነው። ነገር ግን ሲያሽር የሚመሰገነው፣ ሲጎዳም የሚወነጀለው አዋቂው ነው፤ ሥሩ አንድም ቀን ለፍርድ አይቀርብም። ኢትዮጵያዊውን በአገሩ የጠረጠረውና አዋቂውን በስሙ ያመነው፣ ሁለቱም ሥራውን ሳያዩ ባለቤቱን መዘኑ። ደግሞስ በአደባባይ መናገር ለጋሞ ባዕድ አይደለም፤ ዱቡሻ በተባለው የመሰብሰቢያ አደባባይ ላይ ጉዳይ የሚታየው ሰው በተሰበሰበበት፣ ሁሉም እየሰማ ነው።

27ቱንም ነጥብ አሟልቶ የማይረባ ዳሰሳ መጻፍ እርግጥ ይቻላል። ደካማ ጥናቶችን አሳምሮ መደርደር አያጠነክራቸውም፤ የአሠራር ጥራትና የአዘጋገብ ጥራት በተለያየ መሣሪያ የሚለኩትም ለዚህ ነው። ሆኖም በደንብ የተጻፈ ደካማ ዳሰሳ በራሱ ላይ ይመሰክራል፤ «ጥናቶቹ በአይጥ ላይ ናቸው፤ የንጥሩ አወጣጥ አልተገለጸም» ይላል። ለገረሴው መኮንን ይህች አንዲት መስመር ትበቃዋለች፦ «አባባ፣ ሃለኮውን ይብሉ፤ ክኒኑን ግን እንዳያቋርጡ።»