የኔ ቢጤ የምንለው ወንድማችን

ያገራችን ሰው ለምኖ አዳሪውን «የኔ ቢጤ» ብሎ ይጠራዋል። በዚህ ስም ታላቅ ትምህርት አለበት፤ ጠሪው ሳያስተውለው «ይህ ሰው እንደ እኔ ያለ ነው፤ እኔም እንደ እርሱ ልሆን እችል ነበር» ብሎ መስክሮአልና። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በዚያው አፋችን «እግዜር ይስጥህ» ብለን እናሰናብተዋለን። ስሙን ሰጠነው፤ እንጀራውን ከለከልነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ የነቀፈው፥ ለታረዘውና ለተራበው አንዳች ሳይሰጡ በመልካም ቃል ብቻ መሸኘትን ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ይህን ተግሣጽ ከሌላው ይልቅ ሊያስተውለው ይገባል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፥ ውርጭ የሚጸናባት፥ በብርድ ልብስ ሥራም የታወቀች ናትና። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከአጣዬና ከወለጋ ቤታቸውን ጥለው የተሰደዱ ብዙ ሰዎች ወደ እርስዋ መጥተው በመጠለያ ተቀምጠዋል። በኅዳር ሌሊት በመጠለያ ልጅዋን ታቅፋ ለምትንቀጠቀጥ እናት «እግዜር ያሙቅሽ» ማለት ምን ይጠቅማታል? ጸሎቱስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብርድ ልብሱ በቤታችን ተጣጥፎ ተቀምጦ ሳለ እንዲህ መጸለይ፥ እግዚአብሔር ለእኛ የሰጠንን ሥራ ወደ እርሱ መመለስ ነው።

ምናልባት «እኔም ችግረኛ ነኝ፤ ይህም ሰው ወገኔ አይደለም» የሚል ይኖራል። የአንጾኪያ ምእመናን ረኃብ እንደሚመጣ በሰሙ ጊዜ፥ በሩቅ በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች እያንዳንዱ እንደ ችሎታው አዋጥቶ በበርናባስና በሳውል እጅ ላከ። እኛም ባለዕዳዎች ነን። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ትግራይንና ወሎን፥ ሰሜን ሸዋንም በመታ ጊዜ፥ ስማችንን የማያውቁ የሩቅ አገር ሰዎች እህልና መድኃኒት ልከውልናል። እንግዲህ በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ወደ አገራችን ስለ ገቡት ስደተኞች ስንሰማ፥ «ምን አገባኝ» ለማለት አፍ የለንም።

ገንዘብ የሌለውስ ምን ያድርግ? በ1880ዎቹ መጀመሪያ «ክፉ ቀን» በተባለው ረኃብ፥ በሬው በበሽታ ባለቀ ጊዜ፥ በአንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፍረዋል። ንጉሥ በእጁ መሥራትን ካላፈረ፥ ተማሪን ምን ያሳፍረዋል? ተማሪው ለተሰደደው ሕፃን ፊደል ያስቆጥር፤ ጽሕፈት ለማያውቀውም ማመልከቻ ይጻፍለት። ጤነኛው ለታመመው ውሃ ይቅዳ። ነጋዴውም በችግር ወራት እህሉን ደብቆ ዋጋ አያስወድድ፤ ይህ ደግሞ ከምጽዋት አያንስም።

ጌታችን በመጨረሻው ቀን ስለ ተራበው፥ ስለ ታረዘውና ስለ እንግዳው እንደሚጠይቀን አስቀድሞ ነግሮናል። እርሱ ባለጸጋ ሲሆን ስለ እኛ ድኻ ሆነ፤ የእኛም ቢጤ ለመባል አላፈረም። እኛም የድኻው ቢጤ መሆናችንን በስም ብቻ ሳይሆን በሥራ እንድንገልጥ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።